ሂዳያ እና አልሰጥምም ያለው ዓሣ አጥማጅ

ሂዳያ ከሪያድ በተመለሰችበት ቀን ሻንጣዋ ሲከፈት ለማየት የተሰበሰበው ሰው የሠርግ ታዳሚ ያህል ነበር። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው፤ ሬዲዮኑ «ለውጥ» ሲል የሚውልበት፣ ሐይቅ ከተማም ውስጥ ሰው ሁሉ የሆነ ነገሩን መለወጥ እንዳለበት የሚያስብበት ዓመት። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ሙሉጌታ እባላለሁ። አጥራችን አንድ ስለሆነ ከሁሉም ቀድሜ ተገኝቻለሁ። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ሻንጣ ውስጥ ምን እንደሚኖር እናውቃለን፤ ሽቶ፣ ብርድ ልብስ፣ ስልክ፣ ከቀናም የአንገት ወርቅ። ሻንጣው ሲከፈት አሥራ ሰባት ደብተር ወጣ።

እናቷ እትዬ ኡሙሀኒ አንዱን ደብተር አነሡና ገልብጠው አራገፉት። ምንም አልወደቀም። ሁለተኛውንም አራገፉ።

«ሂዳያ፣ ዕቃው ከደብተሩ ሥር ነው?» አሉ።

«እማ፣ ዕቃው ደብተሩ ነው።»

«ምን ተጽፎበታል?»

«ሰዎች።»

«የምናውቃቸው?»

«ገና አታውቂያቸውም።»

እትዬ ኡሙሀኒ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር፣ እስቲ አንተ እይልኝ። ልጄ ደህና ናት?» አሉ።

አንዱን ደብተር ተቀብዬ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ፊደሉ የተንጋደደ፣ ነጥብ የሚባል ነገር የሌለበት ጽሑፍ ነው። ሦስት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ተቀመጥኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂዳያ ወደ ሪያድ ስትሄድ ስልኳ ላይ አሥራ አንድ ዘፈን ነበረ። እዚያ አንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ገባች። አሠሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ብቻ ወሬ አትወድም። ሂዳያ ደግሞ የወሎ ልጅ ናት፤ ሳያወሩ መዋል ምን እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ ከሂጃቧ ሥር አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ያንኑ አሥራ አንድ ዘፈን ሰባት ዓመት ሰማችው። ሁለተኛው ወር ላይ ግጥሙን በቃሏ ያዘች። በዓመቷ ግጥሙ ሰለቻት። ያኔ መጠየቅ ጀመረች። ይቺ የሄደች የተባለችው ሴት የት ነው የሄደችው? ወንዙን ስትሻገር ማን አየ? ሰውዬው እንዲህ የሚያለቅሰው ምን ቢበድላት ነው? መልሱን የሚነግራት ስላልነበረ ራሷ ጻፈችው። እንግዲህ ደብተሮቹ እነዚህ ናቸው።

ከመጣች በኋላ መናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየች። በሩ ላይ «የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሙዚቃ እንጭናለን» ብላ ለጠፈች። ሰው የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣል፤ እሷ የሚፈልገውን ትጭንለታለች፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ልቦለዷን ትጽፋለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ጎራ እያልኩ የጻፈችውን አርም ነበር። አርም ነበር ስል ፊደሉን ነው፤ ከፊደል አልፌ ስገባ ደስ አይላትም።

«ቲቸር፣ ሰው መታወቂያው ላይ ሊዋሽ ይችላል፤ ሚሞሪው ላይ ግን አይዋሽም» ትለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ሀጂ ኑርዬ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሙዚቃ ሐራም ነው እያሉ ሱቋ በር ላይ ቆመው ግማሽ ሰዓት የሚመክሯት። ምክሩን ሲጨርሱ ሚሞሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መንዙማ እንድትጭንላቸው ይሰጧታል። እሷም ትከፍተዋለች። አርባ መንዙማ አለ። ከአርባው መሃል፣ ሃያ ሦስተኛው ላይ፣ አንድ የባቲ ዘፈን ተደብቆ ተቀምጧል። ሂዳያ የጠየቁትን ጫነችላቸው። ልቦለዷ ውስጥ ግን አንድ ሀጂ ገቡ፤ ከሱቃቸው ጀርባ ሆነው ጨርቅ ሲለኩ ትከሻቸው በራሱ ጊዜ የሚንቀሳቀስ።

የአጻጻፍ ሥርዓቷ ጥብቅ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅኝት አለው፤ ያ ቅኝት ካልተሰማ ያ ሰው አፉን አይከፍትም። ዋናው ሰው ኡበይድ የሚባል የሐይቃችን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱ የሚጻፈው አምባሰል ሲዘፈን ነው። የሚወዳት ሱረያ በባቲ ትጻፋለች። ሀጂው በአንቺሆዬ፣ የኡበይድ እናት በትዝታ። ይህን ሁሉ እንዳትረሳው አንድ ደብተር ጀርባ ላይ በዝርዝር ጽፋ ይዛዋለች።

ችግሩ ሱቁ የደንበኛም መሆኑ ነው። አንድ ቀን የኡበይድ አጎት የሚቀበርበትን ምዕራፍ ሰጠችኝ። በመጀመሪያው ገጽ ሬሳው ከቤት ይወጣል፣ ሰው ያለቅሳል፣ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ለቀስተኛው እየፈጠነ ሄደ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከመቃብሩ ዳር ሁለት ወንዶች ወገባቸውን ይዘው ቁጭ ብድግ ይሉ ጀመር።

«ሂዳያ፣ ቀብር ላይ ሰው ለምንድን ነው የሚጨፍረው?» አልኳት።

ወረቀቱን ነጥቃኝ አየችው። «ሱብሃነላህ» አለች። «ለሠርግ የሚሆን ዘፈን የሚያስጭን ደንበኛ መጥቶ ነበር። አንድ ሰዓት ቆየ።»

«አንቺስ አልታወቀሽም?»

«ታውቆኝ ነበር፤ ግን ቀብሩ ደስ ብሎት ነበር ቲቸር፤ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።»

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ መጻፍ አትችልም። አንድ ጊዜ መብራት ለሦስት ቀን ሲጠፋ ስልኳም ባትሪ ጨርሶ እናቷን እንዲያንጎራጉሩላት ለመነቻቸው። እትዬ ኡሙሀኒ ድምፃቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሲያንጎራጉሩ ሐሳባቸው ከዘፈኑ እየወጣ ጓዳ ይገባል። «አንተ የልቤ ወዳጅ» ብለው ይጀምሩና «ሽንኩርቱ ግን በሰበሰ መሰለኝ» ብለው ይቀጥላሉ። የዚያን ቀን በተጻፈው ገጽ ላይ ኡበይድ ከሱረያ ጋር ተቀምጦ ፍቅሩን እየገለጸላት ድንገት ስለ ሽንኩርት ይጠይቃታል። እኔ ይህን ገጽ እንዳታጠፋው ብያት ነበር። አጠፋችው።

እንዲህ እንዲህ እያለች እስከ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ደረሰች። የቀረው አንድ ምዕራፍ ነው። እዚያ ላይ ኡበይድ ታንኳው ተገልብጦ ሐይቁ ውስጥ ይሰጥማል።

«ለምን?» አልኳት።

«አምባሰል ነዋ» አለች። «እንደዚያ የሚያዜም ሰው ሌላ መጨረሻ የለውም።»

ይህን ያለችው በ2014 መስከረም ላይ ነው። በጥቅምት ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ መጣ። ውጫሌ ተኩስ ተሰማ ተባለ፤ በማግሥቱ የውጫሌ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በእኛ ከተማ በኩል ወደ ደሴ ያልፍ ጀመር። ከዚያ የመድፉ ድምፅ ለእኛም ይሰማን ጀመር። ሰው በያለበት ይሰናበታል፤ እንደገና ይመለሳል፤ እንደገና ይሰናበታል። እኔና ባለቤቴ በእግራችን ወጣን፤ ደሴ ደርሰን ደሴንም ትተን ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም አልፈን ተሰደድን። ሂዳያ አልወጣችም። የእትዬ ኡሙሀኒ ጉልበት ከቤት እስከ መስጊድ እንኳ በልመና ነው የሚያደርሳቸው። «አንቺ ሂጂ፣ እኔን አላህ ይጠብቀኛል» አሏት። «እኔንም እዚሁ ይጠብቀኝ፤ ሁለት ቦታ ለምን እናስቸግረዋለን» ብላ ተቀመጠች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁን እኔ አላየሁትም። ሦስቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ በአንዳንዱ ነገር ቢጣሉም በዋናው ይስማማሉ።

ሦስተኛው ሰው ጋሽ አራጋው ናቸው። አምባሰል ውስጥ ከግሸን ግርጌ ካለ መንደር የመጡ ማሲንቆ ተጫዋች፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣውን ምዕመን መንገድ ዳር ሆነው የሚያወድሱ። ተኩሱ ሲቀርብ እህታቸው ስህን «ከብቱን ማን ይጠብቃል» ብላ ቀረች፤ እሳቸው በስደተኛው መሃል ሐይቅ ድረስ መጡ። እዚህ ሲደርሱ እግራቸው አብጦ ነበር። እትዬ ኡሙሀኒ አጥር ሥር ቁጭ እንዳሉ አዩአቸውና አስገቧቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ከተማው ተያዘ፤ መንገዱም ተዘጋ።

እትዬ ኡሙሀኒ መጀመሪያ የጠየቋቸው ስለ ዕቃው ነው። «ሰው ሲሰደድ ድስት ይይዛል። አንተ እንጨት ይዘህ መጣህ?»

«በባዶ ድስት ምን እቀቅላለሁ?» አሉ ጋሽ አራጋው። «ይሄ ግን ባዶ ሆኖም ያበላኛል።»

ለአምስት ሳምንት ያህል ሦስቱ አንድ ቤት ኖሩ። ከተማው መብራት የለውም፣ ስልክ አይሠራም፣ ገበያ የለም። የሚበላው ሽሮ፣ ሽሮ ሲያልቅ ንፍሮ ነው፤ ሥጋ በዓይን ስላልታየ የእስላምና የክርስቲያን እርድ ጉዳይ አንድ ቀንም ሳይነሣ ቀረ። ሱቁ ተሰብሮ ኮምፒውተሩ እንደተወሰደ ጎረቤት መጥቶ ነገራት። ደብተሮቹ ግን ቤት ነበሩ። ሂዳያ ለአንድ ሳምንት ግድግዳ ስታይ ቆየችና አንድ ቀን ጠዋት ብዕር ይዛ ጋሽ አራጋው ፊት ተቀመጠች።

«ጋሽ አራጋው፣ አምባሰል ይጫወቱልኝ።»

«በዚህ ጊዜ? ለምን ፈለግሽው ልጄ?»

«ኡበይድ ሊሞት ነው።»

ጋሽ አራጋው ማሲንቆውን ወደ ጎን አደረጉ። «እግዚአብሔር ይማረው። የት ነው ያለው?»

«ሐይቁ ላይ።»

«በዚህ ተኩስ ሐይቁ ላይ ምን ያደርጋል? ታሞ ነው?»

«ደህና ነው። ሊሰጥም ነው።»

«ታዲያ ደህና ከሆነ ሰው ልከን አናወጣውም? ወንድምሽ ነው?»

እትዬ ኡሙሀኒ ከጓዳ ሆነው «አይ አራጋው፣ ኡበይድ የሚባል ሰው የለም፤ የደብተር ሰው ነው» አሉ።

ጋሽ አራጋው ነገሩ አልገባቸውም። ማንበብ አይችሉም፤ ልቦለድ የሚባል ነገርም ሰምተው አያውቁም። ሂዳያ ከምዕራፍ አንድ ጀምራ አነበበችላቸው። ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን ጨርሳ ቀና ስትል ጋሽ አራጋው ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንግዲህ የቀረው መስጠሙ ነው» አለቻቸው።

«ምን አደረገሽ?» አሉ።

«ማን?»

«ይሄ ልጅ። ኡበይድ። እናቱን ይጦራል፣ የሰው አይሰርቅ፣ አይሰክር። ሰው የለም አላችሁኝ፤ ከሌለ ምን አደረገሽ? ያለውንስ ሰው ጦሩ እየጨረሰው ነው፤ የሌለውን እንኳ ብንተወው?»

«ጋሽ አራጋው፣ እርስዎ ይጫወቱ፤ መጻፉ የእኔ ሥራ ነው።»

ጋሽ አራጋው ጀመሩ። አምባሰል ነበር፤ ሂዳያ እስከዛሬ በካርድ የሰማችው ሁሉ ከዚህ ጎን ሲቆም የተሰጣ ቋንጣ መሰላት። ኡበይድ ታንኳውን ወደ ውኃው ገፋ። ደመናው ወረደ። ነፋሱ ተነሣ። ልክ ታንኳው ሲያዘነብል ማሲንቆው ሳይታወቃት ዜማውን ቀየረ፤ ሂዳያ ቀና ስትል ጋሽ አራጋው በሁለቱም ትከሻቸው የሠርግ ዜማ ይጫወታሉ፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ኡበይድ ዋኝቶ ዳር ደርሶ ልብሱን እየጨመቀ ነው።

«ምን አደረጉ?»

«እጄ ደከመው» አሉ።

በማግሥቱ እንደገና ሞከሩ። አሁን ሂዳያ ዓይኗን ከእጃቸው ላይ አላነሣችም። ጋሽ አራጋውም ዜማውን አልቀየሩም፤ ይልቅ ግጥም ጨመሩበት፦

«ደራሲ ነኝ ብላ ብዕር ብታነሣ፣
ዓሣ አጥማጁን ልጅ ልታደርገው ዓሣ።»

እትዬ ኡሙሀኒ ጓዳ ውስጥ ሳቁ። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ሦስት ሳምንት ሆኖት ስለነበር ሂዳያም መቆጣት አቃታት፤ ኡበይድም የገባበት ውኃ እስከ ጉልበቱ ብቻ ሆነና ተረፈ። በሦስተኛው ሙከራ ታንኳው ከዳር ጋር በገመድ እንደታሰረ ተገኘ። አራተኛውን እትዬ ኡሙሀኒ ራሳቸው አቋረጡት፤ ልክ ማዕበሉ ሲነሣ «ዙህር ደርሷል፣ ሰግደሽ ግደይው» አሏት። ሰግዳ ስትመለስ ማዕበሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ለፍተሻ ገቡ። አንዱ ወጣት ነው፤ ሌላው ሸበቶ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ። ስልክና ሬዲዮ ነበር የሚፈልጉት። ወጣቱ የደብተሮቹን ክምር አየና አንዱን ገለበጠው፤ የጀርባው ዝርዝር ፊቱ ላይ መጣ። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ኡበይድ፣ አምባሰል። ሱረያ፣ ባቲ። ሀጂው፣ አንቺሆዬ። የኡበይድ እናት፣ ትዝታ።» ቀና አለ። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የእኔ ሰዎች ናቸው» አለች ሂዳያ፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

«ኡበይድ አምባሰል ላይ ምን ይሠራል?»

«ዓሣ ያጠምዳል።»

«አምባሰል ተራራ ነው። ምን ዓሣ አለ?»

«እሱ ያለው ሐይቅ ነው፤ አምባሰል ቅኝቱ ነው።»

«ሱረያን ባቲ ማን ላካት?»

«እኔ ነኝ። ማለቴ... አልተላከችም።»

ወጣቱ ገጹን ገለጠ። «ምዕራፍ ሃያ። ኡበይድ ይሞታል። ማክሰኞ ጠዋት፣ ከታንኳው ላይ።» ድምፁ ተለወጠ። «ይህን ሰው ለመግደል ያቀደው ማን ነው?»

እትዬ ኡሙሀኒ ሙስበሃቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። ጋሽ አራጋው ግን እስከዚያ ድረስ የያዙትን መያዝ አልቻሉም።

«እሷ ናት» አሉ።

ሁሉም ዞረው አዩአቸው።

«እኔ ተይ ብያታለሁ። አምስት ቀን ሙሉ ለምኛታለሁ። አልሰማ አለችኝ። እንደውም እንኳን መጣችሁ፤ እናንተ ብትነግሯት ትሰማ ይሆናል።»

ሸበቶው ታጣቂ እስከዚያ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ማሲንቆው የማን ነው?» አለ።

«የኔው ነው።»

«እስቲ ኡበይድን ተጫወተው።»

ጋሽ አራጋው አምባሰልን ተጫወቱ። «ሱረያንስ?» አለ ሰውየው። ባቲን ተጫወቱ። ከዚያ ሀጂውን፣ ከዚያ እናትየዋን። ትዝታው ላይ ሲደርሱ ሰውየው በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና የሚያነክስበትን እግሩን ዘረጋ። ሲያበቃ ለወጣቱ «ቅኝት ነው፤ ደብተሩን ስጣት» አለው።

«ሞቱስ?»

«ሞቱም ቅኝት ነው።» ከዚያ ወደ ሂዳያ ዞሮ «ለምን ትገድይዋለሽ?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም። «የሚሞት ሰው እኛ ጋ አልጠፋም።»

ታጣቂዎቹ የቤቱን የባትሪ መብራት ወስደው ሄዱ። ሂዳያ ስለዚያ ቀን ስትነግረኝ እንኳ የደራሲነቷ ነገር አልለቀቃትም። «ቲቸር፣ መጽሐፌን ሰምቶ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አስተያየት የሰጠኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ። «ሁለቱም አትግደይው አሉ።»

«ታዲያ ያኔ ተውሽው?»

«አይ፣ ያኔማ እልኼ ባሰ።»

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከውጫሌ በኩል በእግሩ የመጣ አንድ ሰው ጋሽ አራጋውን አፈላልጎ አገኛቸው። እህታቸው ስህን አርፋለች። ጥይት አይደለም፤ የስኳር ሕመም ነበረባት፣ መድኃኒቷ አለቀ፣ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ዝግ ነበር። ጎረቤት ቀብሯታል። ስህን ዕድሜዋን ሙሉ ጋሽ አራጋው ሲጫወቱ ተቀባያቸው ነበረች፤ ለጋብቻም ሆነ ለክርስትና አንዱን ያለ ሌላው የሚጠራ አልነበረም።

ጋሽ አራጋው ሁለት ቀን ማሲንቆውን አልነኩትም። ሰውም እንደ አቅሙ አስተዛዘናቸው፤ የሠፈሩ እስላም መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ሀጂ ኑርዬም መጡ፣ ሳይመክሩ ተቀምጠው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ አራጋው ማሲንቆውን አነሡና «ሂዳያ፣ ደብተርሽን አምጪ» አሉ።

«ለምን?»

«ዛሬ ሊሞት ይችላል። ዛሬ እጄን አላዛንፍብሽም።»

አመጣች። እሳቸውም ከእህታቸው ጋር እንደሚጫወቱት አድርገው አንድ ስንኝ አወረዱና ለተቀባይ የሚተውትን ቦታ ትተው ጠበቁ። ማንም አልተቀበለም። ቀጠሉ፦

«አምባሰል ላይ ሆኜ ተቀባይ ብጣራ፣
ድምፄ ብቻ መጣ ዞሮ ከተራራ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ሂዳያ ብዕሩ እጇ ላይ ነበር። ለሳምንታት ስትፈልገው የነበረው አምባሰል ይኸው መጣላት፤ ያለ ሠርግ፣ ያለ ቀልድ፣ ያለ ሽንኩርት። ኡበይድን ታንኳው ላይ አስቀመጠችው። ነፋሱን አስነሣች። ከዚያ ብዕሩን ከደነችው።

«ምነው? ጻፊ እንጂ» አሉ ጋሽ አራጋው።

«አልችልም።»

«እኔ በትክክል ነው የተጫወትኩት።»

«በትክክል ስለተጫወቱት ነው።»

እትዬ ኡሙሀኒ በሁለት ስንኝ መሃል በተተወው ቦታ ላይ፣ ግጥሙን ሳያውቁት፣ በዜማው ብቻ ይቀበሉ ጀመር። ድምፃቸው እንዳልኩት መልካም ነው። የዚያን ቀን ሐሳባቸው ጓዳ አልገባም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከተማው ተለቀቀ። እኔ ስመለስ የቤቴ በር ተነቅሎ፣ መጽሐፎቼ መሬት ላይ ተበትነው አገኘሁ፤ የሂዳያን አጥር ስሻገር ግን ሦስቱ ፀሐይ እየሞቁ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሰላምታ ሳንጨርስ ጋሽ አራጋው የሚባሉት የማላውቃቸው ሰው «አንተ ነህ ፊደሉን የምታርመው? ኡበይድ ድኗል» አሉኝ፤ ልክ ስለ ጎረቤት እንደሚነገር። ምዕራፍ ሃያ ላይ ነፋሱ ይነሣል፤ ኡበይድ መረቡን ውኃው ውስጥ ጥሎ ታንኳውን ያቀልና ዳር ይደርሳል። ከዚያ እናቱ ቤት ገብቶ ያለ መረብ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ያስባል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። እኔ ሞቱ ይሻል ነበር ብዬ አስቤ ነበር፤ እንዳልናገር ግን እትዬ ኡሙሀኒ በዓይናቸው ከለከሉኝ።

መጽሐፉ በ2015 ደሴ ታተመ፤ አምስት መቶ ቅጂ። ምረቃው ሐይቅ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ሀጂ ኑርዬ ሦስት ቅጂ ወሰዱ። በሳምንታቸው ወደ ሱቋ መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ሂዳያ ምክር ስትጠብቅ «እዚያ ውስጥ ያሉት ሀጂ...» አሉ።

«አቤት ሀጂ።»

«ትከሻቸው የሚንቀሳቀሰው ቁርጥማት ስላለባቸው ነው። በሚቀጥለው ኅትመት ይህን ጨምሪበት።»

ጋሽ አራጋው መንገዱ እንደተከፈተ ወደ አምባሰል ተመልሰው ነበር። የእህታቸውን ከብቶች ጎረቤት ጠብቆላቸዋል፤ ቤቱም ቆሟል። ከመሄዳቸው በፊት ግን ሂዳያ በስልኳ ሲጫወቱ ቀድታቸው ነበር። ሱቋን እንደገና ስትከፍት ያን ቅጂ ለሚጠይቅም ለማይጠይቅም እየጫነች ላከችው፤ ዘንድሮ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ግማሹ ባጃጅ የጋሽ አራጋውን ማሲንቆ ይዞ ይሄዳል።

ባለፈው ጥር ጋሽ አራጋው ውጫሌ ገበያ መጥተው አንድ ባጃጅ ተሳፈሩ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፈተ። ጥቂት ሰሙና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ተጫዋች ማን ነው?»

«አላውቀውም አባባ። አንድ ሽማግሌ ነው ይላሉ፤ የሞተ ነው መሰለኝ።»

«ጎበዝ ነው» አሉ ጋሽ አራጋው። «ግን እዚህ ጋ ይቸኩላል። እርቦት ይሆናል።»